ገና ያልተመሠረተች መንደር

እኔ ዕድሜ ጠሪ ነኝ። በአገራችን ይህ ሥራ ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል፤ አባቴ ድምፁ ሲሰልል ለእኔ አወረሰኝ፣ እኔም ጉሮሮዬን ከብርድ እየጠበቅሁ እስካሁን አለሁ። በጋ ሲገባ ሰባቱ መንደሮች በሸንጎው ሜዳ ይሰበሰባሉ። ድንጋዩ ላይ እወጣና ስማቸውን ከነዕድሜያቸው፣ ከታላቁ ጀምሬ እጠራለሁ። የተጠራው መንደር ሽማግሌ ይነሣል፣ ወደ ፊት ሄዶ ይቀመጣል። የመቀመጫው ተራ የውሃም ተራ ነው። ያለን ቦይ አንድ ስለሆነ ታላቁ መንደር ማሳውን እስኪጠግብ ያጠጣል፣ ከዚያ ተከታዩ፣ ከዚያ የእሱ ተከታይ። ለምን እንዲህ ሆነ ብሎ የጠየቀ ሰው አልገጠመኝም።

የመጨረሻዋ ጥጊት ናት። ጥጊት ከሰሏ ተለክቶ ስለማያውቅ ዕድሜ የላትም፤ ስለዚህ ስሟ ላይ ቁጥር አልጨምርም። “ጥጊትም አለች” እልና ከድንጋዩ እወርዳለሁ። ተራዋ ሲደርስ ቦዩ ውስጥ ያለው ከውሃ ይልቅ ወደ ጭቃ የሚያደላ ነገር ነው። የጥጊት ሰዎች በርበሬ ይተክላሉ፣ በርበሬው አበባ ያወጣና እዚያው ይደርቃል። በየዓመቱ አንድ ሁለት ቤተሰብ ዕቃውን በአህያ ጭኖ አገር ይለቃል።

የመንደር ዕድሜ በከሰል ይታወቃል ብያለሁ። ምድጃ ቆፋሪ የሚባሉ ባለሙያዎች አሉ፤ የመንደሩን የመጀመሪያ ምድጃ ፈልገው ከሥሩ ከሰል ይለቅማሉ፣ ከሰሉ ባሕር ተሻግሮ ቤተ ሙከራ ይገባል፣ ቤተ ሙከራው ዕድሜውን ይልካል። ይህ የተደረገው በአባቴ ጊዜ ነበር። ውጤቶቹ ከዚያ ወዲህ በየቦታው ተበትነዋል፤ አንዱ በሹም ሣጥን፣ አንዱ በአዳራሽ ግድግዳ፣ አንዱ ደግሞ በአንድ ሽማግሌ ትራስ ውስጥ ተሰፍቶ። እኔ የምጠራው አባቴ የነገረኝን ነው። አባቴ ደግሞ ቁጥር ሲከብደው ወደ ላይ ማጠጋጋት ይወድ ነበር።

ይርገዱ የመጣችው ይህን ሁሉ ሰብስባ ኢንተርኔት ላይ ለማውጣት ነው። የጥጊት ልጅ ናት። ተምራ፣ ኮምፒውተሯን በጀርባዋ አዝላ ተመለሰችና፣ በአገሪቱ የተለካ ከሰል ሁሉ በአንድ የመረጃ ቋት ይግባ፣ የፈለገ ሰው ከፍቶ ይይ አለች። ለምን ብዬ ጠየቅኋት።

“ጋሼ ቢያድግልኝ፣ አንድም ሰው ሁሉንም አንድ ላይ አይቷቸው አያውቅም” አለችኝ።

“እኔ በየዓመቱ እየጠራኋቸው?”

“እርስዎ ይጠሯቸዋል እንጂ አያዩዋቸውም።”

ንግግሯ ደስ አላለኝም። ሐቁን ልናገርና ፈርቼ ነበር። ዕድሜ በየሰዉ ስልክ ከገባ ጠሪ ማን ይፈልጋል? ይሁን እንጂ ያለ ዕድሜ ጠሪ ዕድሜውን ለእንግዳ የሚያሳይ መንደር ስለሌለ አብሬያት ዞርኩ። መንገድ ላይ የልቧን ነገረችኝ። ቋቱ ውስጥ ለጥጊትም ቦታ ይኖራል። ከሰሏ ከተለካ ዕድሜ ይኖራታል፣ ዕድሜ ካላት ተራ ይኖራታል፣ ተራ ካላት በርበሬው ይደርሳል። የጥጊት ሽማግሌ አጎቷ አያ ሙጨ ናቸው። ሸንጎ በመጣ ቁጥር በሩ አጠገብ ጀርባቸውን ለአጥሩ ሰጥተው ሲቀመጡ እያየች ነው ያደገችው።

መጀመሪያ የሄድነው ላይ ምድጃ ወደምትባለው ታላቂቱ መንደር ነው። ውጤታቸው በአዳራሹ ግድግዳ ላይ በወርቃማ ክፈፍ ተሰቅሏል። ይርገዱ ጠጋ ብላ አነበበችና ክፈፉ እንዲወርድ ለመነች።

“ምን ጎደለው?” አሉ የመንደሩ ሽማግሌ አቶ ከልካይ።

“ሲደመር ሲቀነስ የሚለውን ሸፍኖታል።”

ለካስ ማንኛውም የከሰል ዕድሜ የሚመጣው እንዲህ ነው፤ ሁለት ሺህ ዓመት፣ ሲደመር ወይም ሲቀነስ መቶ ሃምሳ። ይርገዱ አስረዳችን። ዛፍ በሕይወት ሳለ ከአየር የሚወስዳት ራዲዮካርቦን የምትባል ነገር አለች፤ ዛፉ ከሞተ በኋላ በዝግታ እያለቀች ትሄዳለች፤ የቀረችውን ለክተው ነው ዕድሜውን የሚያወጡት፤ ልኬቱም ምንጊዜም ወዲህና ወዲያ ትንሽ ይላል። “ስለዚህ ከዚህ እስከዚህ ባለው ውስጥ ነው እንላለን እንጂ ይህች ዓመት ናት አንልም” አለች።

አቶ ከልካይ ጥቂት አሰቡ። “ሲደመሩን ለእኛ ጻፊልን” አሉ። “ሲቀነሱን ለወይራ ቅጥር ስጪልን።”

ወይራ ቅጥር ሁለተኛዋ መንደር ናት፤ እነሱም ሲቀነሱን አልተቀበሉም። ሲቀነስ የሚወስድ መንደር ሳናገኝ አገሩን ዞረን ጨረስን። ይርገዱ ግን ሁለቱንም ጻፈች። ማታ ኮምፒውተሯን ከፍታ አሳየችኝ፤ እያንዳንዱ መንደር እንደ ዱላ ተጋድሟል፣ ዱላዎቹም ሁሉ ተደራርበዋል።

“ይዩ፣ ጋሼ። ማን ታላቅ ማን ታናሽ እንደሆነ ከሰሉ አይናገርም።”

“እኔ እናገራለሁ” አልኳት፣ ተነሥቼም ወደ ቤቴ ሄድኩ።

የዕድሜ ሹሙ አቶ ልሳነወርቅ ይህን ሲሰሙ ይርገዱን አስጠሯት። አቶ ልሳነወርቅ ሐሳባቸውን ከመጀመራቸው በፊት የሚጨርሱ ሰው ናቸው። አንድ ከሰል ሁለት ጊዜ ቢለካና ሁለት ዕድሜ ቢሰጥ የትኛው ይያዛል አሏት። ሁለቱም ይጻፋሉ፣ አመዛዛኙ ያመዛዝናል አለች። አመዛዛኝ በሹመት መዋቅሩ ውስጥ እንደሌለ ነገሯት። ከዚያ ደንብ አወጡ፤ በቋቱ ውስጥ መጨረሻ የገባው ውጤት ይጸናል። “አዲስ ነገር ይሻላል” አሉ የዕድሜ ሹሙ።

ድረ ገጹ ተከፈተ። መንደሩ ሁሉ ስልኩን ይዞ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ቆመ፤ ኔትወርክ የሚገኘው እዚያ ነዋ። ዕድሜ እንዲህ በይፋ ሲታይ ሰው ሁሉ ያንሰዋል። ወይራ ቅጥሮች ከሰል የሚነግረው እንጨቱ የነደደበትን ሳይሆን የኖረበትን ዘመን መሆኑን ከይርገዱ ሰምተው ነበርና፣ የአዳራሻቸውን ጥንታዊ ምሰሶ ነቅለው አንድደው ከሰሉን አስላኩ። ጣሪያው ወረደ። እነሱ ግን ሦስት መቶ ዓመት ጨመሩ፣ ስብሰባቸውንም ሰማይ ሥር ደረታቸውን ነፍተው ቀጠሉ።

ላይ ምድጃ ይህን አይቶ ዝም አይልም። ከሰላቸውን ሬንጅ በርሜል ውስጥ አሳድረው በቆፋሪዎቹ እጅ ላኩት። ሬንጅ ከመሬት ሥር የሚወጣ፣ ራዲዮካርቦኑ ጨርሶ ያለቀ ነገር ነው፤ ውጤቱ “ከሚለካው በላይ” ተብሎ መጣ። አቶ ከልካይ መንደራቸው መጀመሪያ እንደሌላት አወጁ። ይርገዱ ውጤቱን አስገባችና በማስታወሻው ቦታ “ናሙናው ሬንጅ ይሸታል” ብላ ጻፈችበት። ማስታወሻ የሚያነብ ሰው አልነበረም።

“ቁጥር የሌለውን ዕድሜ እንዴት አድርጌ ልጥራው?” ብዬ ሹሙን ጠየቅኋቸው።

“ትንፋሽህን ያዝና ዝም በል። ሰው ይረዳዋል።”

በመጨረሻ የጥጊት ተራ ደረሰ። በደንቡ መሠረት ከሰል የሚለቅሙት በሹሙ የተላኩ ምድጃ ቆፋሪዎች ብቻ ናቸው። እነሱ ደግሞ ጥጊት የደረሱት በምሳ ሰዓት፣ በጠራራ ፀሐይ ነበር። ወደ ጥንቱ ምድጃ የሚወስደው ዳገት ሲታያቸው አልጣማቸውም። ግራሩ ጥላ ሥር አመድ አገኙ፣ ከዚያው ከሰል ለቅመው ምሳቸውን በሉና ተመለሱ። ጥጊቶች ያችን ቦታ በቆሎ ይጠብሱባታል።

ውጤቱ ሲመጣ ይርገዱ ቤቴ ድረስ ሮጣ መጣች። ፊቷ አመድ መስሏል።

“ከዜሮ በታች ነው የሚለው” አለችኝ።

“ዕድሜ ከዜሮ በታች ይሆናል እንዴ?”

“ቤተ ሙከራዎቹ ወደ ኋላ የሚቆጥሩት ከአንድ ከተወሰነ ዓመት ጀምረው ነው። ዓመቱ ካለፈ ቆይቷል። ከዚያ ወዲህ የበቀለ እንጨት ከዜሮ በታች ይመጣል። ጋሼ፣ የላኩት የበቆሎ መጥበሻ ነው።”

“ታዲያ አታስገቢዋ። ማን ያውቃል?”

ኮምፒውተሯን ከፈተች። “የላይ ምድጃን ሬንጅ አስገብቻለሁ” አለች። “የወይራ ቅጥርን ምሰሶ አስገብቻለሁ። የራሴን ብደብቅ ቋቱ የእኔ የበርበሬ ጓሮ ይሆናል።” አስገባችው። በማስታወሻው ላይም “የምድጃ ከሰል አይደለም፣ በቆሎ የተጠበሰበት ነው” ብላ ጻፈች። ማስታወሻ የሚያነብ ሰው አሁንም አልነበረም።

አቶ ልሳነወርቅ ውጤቱን አገላብጠው አዩት። “ዕድሜዋ ከዜሮ በታች ከሆነ ጥጊት ገና አልተመሠረተችም ማለት ነው” አሉ።

“ክቡር ሹም፣ አጎቴ እኮ እዚያ ይኖራሉ።”

“እንግዲያስ ቀድመው ደርሰዋል።”

በዚያ ዓመት ሸንጎ ስድስት መንደር ብቻ እንድጠራ ታዘዝኩ። ለላይ ምድጃ ትንፋሼን ይዤ ዓይኔ እስኪጨልም ዝም አልኩ፤ ሕዝቡ በአክብሮት ጠበቀኝ። ከዚያ አምስቱን ጠርቼ ከድንጋዩ ወረድኩ። አያ ሙጨ በሩ አጠገብ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው “ጥጊትም አለች” እስክል ይጠብቁ ነበር። ሰው ሁሉ ተነሥቶ ሲሄድ እሳቸው ገና እየጠበቁ ነው። እኔ በሌላኛው በር ወጣሁ። አፍሬ ነበር።

በማግሥቱ አያ ሙጨ የውሃ አባቱ አቶ ጓንጉል ዘንድ ሄዱ። የውሃ አባት ቦዩን በየተራው የሚከፍትና የሚዘጋ፣ ተራ የጣሰውን የሚከስ ሰው ነው።

“ተራችን መቼ ነው?” አሉ አያ ሙጨ።

“ተራ የላችሁም።”

“ተራ ከሌለን ተራ መጠበቅም የለብንም?”

አቶ ጓንጉል ደንቡን በሐሳባቸው ከላይ እስከ ታች ሄዱበት። “የሌለ መንደር ምን ይጠብቃል?” አሉ።

“ደግ” አሉ አያ ሙጨ፣ ተነሥተውም ሄዱ።

ዕለቱን ጥጊቶች ዶማቸውን ይዘው ወደ ቦዩ ራስ ወጡና በቀጥታ ወደ ማሳቸው የሚወርድ መፍሰሻ ቀደዱ። በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያየ። አቶ ጓንጉል ሊከሷቸው ተነሡ፤ ይሁንና ክስ ሲቀርብ የተከሳሹ መንደር ስም መጠራት አለበት፣ የተከሳሹ መንደር ደግሞ ገና አልተመሠረተም። ጉዳዩን ሦስት ቀን አስበውበት “ውሃው መንደር ወደሌለበት ቦታ ሰርጓል” ሲሉ ለሹሙ አመለከቱ። ሹሙም መስረግ የተፈጥሮ ሥራ ነው ብለው ዘጉት።

በዚያ ዓመት የጥጊት በርበሬ ቀላ። እኔ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ደጁ ሁሉ በርበሬ ተሰጥቶበት መርገጫ አልነበረም። አገር የለቀቁት ሰዎች በአህያቸው ተመለሱ። ለመንገድ ሥራ አዋጅ ሲነገር ጥጊቶችን የሚጠራቸው የለም፤ ለሸንጎ መዋጮ የሚፈልጋቸውም የለም። አያ ሙጨ ወፈሩ። ይርገዱን ባገኟት ቁጥር “ልጄ፣ ያቺ ኮምፒውተርሽ ትባረክ” ይሏት ነበር። እሷ አንገቷን ትደፋለች። ቋቷ ውስጥ ከገባው ሁሉ ይበልጥ የሚያሳፍራት ስህተት አጎቷን እያበላ ነበርና።

የጥጊት በርበሬ ሽታ ስድስቱም መንደር ደረሰ። እንግዲህ ከዚህ በኋላ የሆነውን እያንዳንዱ መንደር በየራሱ፣ በምስጢር፣ ብልሁ እኔ ብቻ ነኝ ብሎ ነው ያደረገው። ወይራ ቅጥሮች ቆፋሪዎቹን እሸት ጋበዙ፤ በቆሎው ተጠበሰ፣ ተበላ፣ ከሰሉም ትኩስ እንደሆነ ታሸገ። ሌሎቹም እንዲሁ። ላይ ምድጃዎች ለጥቂት ሳምንት ተከራከሩ፤ በመጨረሻ አቶ ከልካይ “መጀመሪያ የለንም በማለትና ገና አልጀመርንም በማለት መካከል ያለው ልዩነት ብዙ አይደለም” ብለው አስማሟቸው። ስድስቱም ከሰል በአንድ ሣጥን ተጭኖ ባሕር ተሻገረ።

ከዚያ አስቀድሞ ይርገዱ ሹሙን ለምና ለምና የራሷን ናሙና ለመላክ ፈቃድ አግኝታ ነበር። ዳገቱን ወጥታ ትክክለኛውን የጥጊት ምድጃ ቆፈረች። ሌላ በጋ ገብቶ የሸንጎው ቀን ሲቃረብ ውጤቷ መጣ፤ አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ዓመት፣ ሲደመር ወይም ሲቀነስ መቶ ሃያ። ከሌሎቹ ዱላዎች ጋር ተደራርቦ ተጋደመ። በእኔ አጠራር ግን ይህ ሰባተኛ ነው። ጥጊት ከገባች ትመሠረታለች፣ ከተመሠረተች ተራ ትጠብቃለች፣ ተራዋም ያው የመጨረሻው ነው።

አያ ሙጨ ዘንድ አብሬያት ሄድኩ። ችግኝ እየተከሉ አገኘናቸው። ነገረቻቸው። እጃቸውን ከአፈሩ ሳያወጡ ሰሟት።

“መጻፉ የግድ ነው?” አሉ።

“እውነቱ እሱ ነው፣ አያ።”

“ልጄ፣ ስንኖር ተርበን ነበር። የለንም ከተባልን ወዲህ ነው የበላነው።”

“አውቃለሁ።”

“አንቺ እኮ ይህን ነገር የጀመርሽው ለእኛ ብለሽ ነው።”

“አዎ።” እንባዋ መጣ። “ግን ሰው ሁሉ ከሰሉን ሲያጭበረብር እያየሁ በማስታወሻ ላይ ስጽፍባቸው ነው የከረምኩት። ትክክለኛው ውጤት እጄ ላይ እያለ የበቆሎ አመዱን ከተውኩት እኔም ከእነሱ አንዷ ነኝ።”

አያ ሙጨ ችግኛቸውን ተከሉ፣ አፈሩን በመዳፋቸው ጠቀጠቁ። ያን ዕለት አስገባችው። ከዚያ በኋላ ጥጊት ውስጥ ሰላም የሚላት ጠፋ፤ እናቷ እንኳ ምሳ ስታቀርብላት ፊቷን አዙራ ነበር። ሁለት ሳምንት ቤቴ እየመጣች ትቀመጥ ነበር። ፈርቻት የነበርኩት ሰው አሳዘነችኝ። እኔ በእሷ ቦታ ብሆን አላስገባውም ነበር፤ እንዳስገባችው ግን ደስ ብሎኛል። ሁለቱ ስሜቶች በአንድ ሆድ ውስጥ እንዴት እንደተቻቻሉ አላውቅም።

የሸንጎው ቀን ማለዳ የስድስቱ መንደር ውጤት መጣ። ይርገዱ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አስገባች፣ እጇ እየዘገየ። ሁሉም ከዜሮ በታች ናቸው። ሹሙ ከድረ ገጹ ላይ የታተመውን አንድ ገጽ ወረቀት ሳያዩት አቀበሉኝ፣ እኔም ድንጋዩ ላይ ወጣሁ።

ወረቀቱን አየሁት። ገልብጬም አየሁት። ከታች ስድስቱም ሽማግሌዎች ልባቸው ደስ ብሎት ላለመጠራት ተዘጋጅተው ተቀምጠዋል፤ እያንዳንዱም ጎረቤቱን በሐዘኔታ ያያል። ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

“ጥጊት” አልኩ።

ማንም አልተነሣም። አያ ሙጨ በሩ አጠገብ ናቸው፤ ጥጊት ተብሎ ሸንጎ ተጀምሮ ስለማያውቅ የእኔን መጨረስ ይጠብቃሉ። ዘወር ብለው አጥሩን አዩት።

“ጥጊት” አልኩ እንደገና። “አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ዓመት። ሲደመር ወይም ሲቀነስ መቶ ሃያ።” ሲደመር ሲቀነስ ብዬ ስጠራ የመጀመሪያዬ ነበር። አባቴ ቢሰማኝ ምን ይል እንደነበር እንጃ።

አያ ሙጨ ተነሡ። በስድስቱ ሽማግሌዎች መካከል አልፈው ፊት ድረስ መጡና የታላቁን መንደር የድንጋይ ወንበር ዙሪያውን ዞረው አዩት። ተቀመጡ። እኔ ምን ላድርግ ብዬ ሹሙን አየኋቸውና ከድንጋዩ ወረድኩ፤ እሳቸውም ወረቀቱን ተቀብለው አሁን ማንበብ ጀመሩ።

“ከእኛ ቀጥሎ ማነው?” አሉ አያ ሙጨ።

አቶ ልሳነወርቅ አነበቡ፣ አነበቡ። “ቀጥሎ የለም” አሉ። “ሌሎቹ ገና አልተመሠረቱም።”

አቶ ከልካይ ከተቀመጡበት ተነሥተው ቦዩን፣ ከዚያ መፍሰሻውን፣ ከዚያ አያ ሙጨን አዩ። ሁሉም በየፊናው መፍሰሻ ሊቀድ ነበር የመጣው፤ ስድስት መፍሰሻ ተቀዶ ቦዩ ውስጥ ምን እንደሚቀር ያን ጊዜ ነው የታያቸው። ዓይናቸው ወደ አያ ሙጨ ዞረ። ታላቁ መንደር እስኪጠግብ ያጠጣል፤ ደንቡ ይህ ነው፤ ጥጊትም ብቻዋን በጋውን ሙሉ ብታጠጣ የሚጠይቃት አልነበረም። አያ ሙጨ ይህን ከሁሉም ይበልጥ ያውቁታል።

“ሳይመሠረቱም ይጠማል” አሉ። “እኛ እናውቀዋለን። ቢያድግልኝ፣ እንደ ተቀመጡ ጥራቸው፤ ውሃው ለሁሉም በልኩ ይውረድ።”

ድንጋዩ ላይ ተመልሼ ወጣሁ። ያለ ወረቀት፣ ያለ ዕድሜ፣ ከዳር ጀምሬ የተቀመጡትን ጠራሁ። ድምፄ ተንቀጠቀጠ፤ ብርድ ነው ብዬ ለሚስቴ ነግሬያታለሁ። አቶ ጓንጉል ቦዩን ለሰባት መክፈል ጀመሩ።

ይርገዱ ኮምፒውተሯን ታቅፋ አጥሩ ሥር፣ አጎቷ በነበሩበት ቦታ ቆማ ነበር። አያ ሙጨ ፈለጓትና በእጃቸው ጠሯት። ሁለት ሳምንት ሙሉ አላናገሯትም ነበር። ቀርባ ፊታቸው ቆመች።

“ይህ ነው እንዴ ወንበሩ?” አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። “ለዚህ ነው እንዴ ይህ ሁሉ ሰው ምሰሶውን ያነደደው? ይቆረቁራል እኮ።”

ጠጋ አሉላት። እሷም አጠገባቸው ተቀመጠች።